ጥያቄና መልስ፦ ከኢንተርኔት በፊት አገርን ከአገር ያገናኙት የዳታ ኔትወርኮች

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው ሳምንት ስለ አሮጌ ሞደሞች ስናወራ ኮምፒውተሮች ከዳታ ኔትወርክ ጋር የሚገናኙበት የድሮው ደንብ፣ የኤክስ.25 ነገር ተነስቶ ጥያቄው በዛ። ጋሽ ሞደም ዛሬ ማታ ሊመልሱልን ፈቃደኛ ሆነዋል። በ1980ዎቹ እንግሊዝ አገር በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ሠርተዋል። ጠይቁ።

ጋሽ ሞደም፦ እንደምን አመሻችሁ። ሁለት ነገር አስቀድሜ ልበል። የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ ናቸው። ሁለተኛ፣ ኤክስ.25 ኢንተርኔት አይደለም። ራሱን የቻለ ሌላ ነገር ነው። ይህን ካላምታታችሁ ሌላው ቀላል ነው።

አዲስ ገቢ፦ ጋሼ፣ ከመጀመሪያው ብንነሳስ? ፓኬት ስዊቺንግ ከስልክ በምን ይለያል?

ጋሽ ሞደም፦ ስልክ ስትደውል መስመሩ ያንተ ብቻ ነው። ብታወራም ዝም ብትልም ተይዟል። ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠ ሰው ግን አንድ መስመር ይጽፋል፣ ያስባል፣ ቡናውን ይጠጣል፣ ከዚያ ሌላ መስመር ይጽፋል። መስመሩ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። ስለዚህ መልእክቱን ትቆራርጠዋለህ፤ ከሌሎች ሰዎች ቁራጭ ጋር ቀላቅለህ በአንድ ሽቦ ትሰደዋለህ። አሜሪካዊው ፖል ባራን በራንድ ተቋም በ1960ዎቹ መጀመሪያ እዚህ ሐሳብ ላይ ደርሷል። የሱ ጭንቀት ከኒውክሌር ጥቃት የሚተርፍ መገናኛ ነበር። እንግሊዛዊው ዶናልድ ዴቪስ ደግሞ የባራንን ሥራ ሳያውቅ በ1965 እዚያው ደረሰ። እሱ ያሰበው ቅድም ያልኩህን ቡና የሚጠጣ ሰውዬ ነው። ለቁራጩ «ፓኬት» የሚለውን ስም ያወጣውም ዴቪስ ነው።

የቦሌው፦ የመጀመሪያው ኔትወርክ የቱ ነው?

ጋሽ ሞደም፦ የምን የመጀመሪያ? የምርምር? የንግድ? የአንድ አገር ወይስ የብዙ አገር? አስተካክለህ ጠይቀኝ።

የቦሌው፦ ይቅርታ ጋሼ። ድንበር የተሻገረው የመጀመሪያው ማለቴ ነው።

ጋሽ ሞደም፦ አሁን ጥሩ። ከምርምር ኔትወርኮች በአሜሪካ መከላከያ ገንዘብ የተሠራው አርፓኔት በ1973 ወደ ኖርዌይና ወደ ለንደን ተሻግሯል። የሚገርመው ግን መስመሩ የተዘረጋው ለኮምፒውተር ሰዎች ተብሎ አይደለም። ኖርዌይ ቼለር ውስጥ ኖርሳር የሚባል የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ ማዕከል አለ። የሶቪየት የኒውክሌር ሙከራ ምድርን ሲያናውጥ እዚያ ይመዘገባል። የተመዘገበው በሳተላይት፣ በስዊድን ታኑም ጣቢያ በኩል፣ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ወዳለው የመተንተኛ ማዕከል ይላካል። አርፓኔት በዚያ መስመር ላይ ተዳብሎ ነው አትላንቲክን የተሻገረው። ከዚያ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ፒተር ኪርስታይን ከኖርዌይ እስከ ለንደን በሰከንድ 9,600 ቢት የምታስተላልፍ መስመር አገኘ። ዛሬ በስልክህ የምታነሳው 3 ሜጋባይት ፎቶ በዚያች መስመር ከ40 ደቂቃ በላይ ይፈጃል።

የአሌክሳንድሪያዋ፦ እኔ እኮ እዚያው አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው! ሃያ ዓመት ስኖር ይህንን ሰምቼ አላውቅም።

ጋሽ ሞደም፦ እንግዲህ እወቂው። የአትላንቲኩ የመጀመሪያ መስመር አንደኛው ጫፍ አንቺ ሰፈር ነበር።

የአየር መንገዱ፦ ጋሽ ሞደም፣ ሲታን ረሱት። የአየር መንገዶች ማኅበር በ1949 ተመሥርቶ፣ በ1969 የራሱን ፈጣን ኔትወርክ አገር ለአገር እያዞረ ነበር። የትኬት ቦታ ማስያዣ መልእክት በሱ ነው የሚሄደው።

ቀይ ሽቦ፦ ስፔንስ? የስፔን ስልክ ኩባንያ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለባንኮች ፓኬት ኔትወርክ ከፍቷል። ሁሉም ሰው አሜሪካን ብቻ ነው የሚያወራው።

የአየር መንገዱ፦ ስፔን ከአገሯ አልወጣችም። የሚወራው ስለ ዓለም አቀፍ ነው።

ቀይ ሽቦ፦ ሲታስ ለሕዝብ ክፍት ነበር እንዴ? አየር መንገድ ካልሆንክ አትገባም።

የአየር መንገዱ፦ አርፓኔትስ? በአሜሪካ መከላከያ የሚረዳ ካልሆንክ ትገባለህ?

ጋሽ ሞደም፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ሁለታችሁም የቦሌውን ስህተት እየደገማችሁ ነው። የምን የመጀመሪያ? ሲታ የአባላቱ ነበር፣ ስፔን የአገር ውስጥ ነበር፣ አርፓኔት የምርምር ነበር። ማንም ከፋይ ደንበኛ ተነስቶ ከአገሩ ወደ ሌላ አገር ፓኬት የሚልክበት አገልግሎት ከፈለጋችሁ መልሱ አይፒኤስኤስ ነው፣ 1978። የእንግሊዝ ፖስታ ቤት፣ የአሜሪካዎቹ ዌስተርን ዩኒየን ኢንተርናሽናልና ታይምኔት ሆነው የከፈቱት ነው። በ1981 ካናዳ፣ ሆንግ ኮንግና አውስትራሊያ ደርሷል። ቀጥሉ።

ካዛንቺስ 64፦ የንግሥት ኤልሳቤጥ ኢሜይል ታሪክ እውነት ነው?

ጋሽ ሞደም፦ እውነት ነው። መጋቢት 1976 ንግሥቲቱ እንግሊዝ ሞልቨርን ካለ የምርምር ማዕከል በአርፓኔት ኢሜይል ልከዋል። ሌላ ቦታ ብዙ ተጽፎበታል።

የሽሮ ሜዳዋ፦ ጋሼ፣ እኔ የኔትወርክ ተማሪ ነኝ። መጽሐፋችን ላይ ኤክስ.25 በግማሽ ገጽ ነው የታለፈው። «ቀርፋፋ ነበር፣ በአይፒ ተተካ» ይላል፤ በኢንተርኔቱ ደንብ ማለቱ ነው። ለምን እንደዚያ ተሠራ? እነማን ሠሩት?

ጋሽ ሞደም፦ ተባረኪ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

በ1970ዎቹ አጋማሽ በየአገሩ የዳታ ኔትወርክ እየተሠራ ነበር። ካናዳ ዳታፓክን፣ ፈረንሳይ ትራንስፓክን፣ እንግሊዝ የሙከራውን ኢፒኤስኤስ። አሜሪካ ውስጥ አርፓኔትን የመራው ላሪ ሮበርትስ ወጥቶ ቴሌኔት የሚባል ኩባንያ ይመራ ጀመር፤ በ1975 አገልግሎት ከፈተ። እያንዳንዱ በራሱ ቋንቋ ቢቀጥል ኖሮ የፈረንሳይ ኮምፒውተር ካናዳን ማናገር አይችልም። ኮምፒውተር የሚሸጠው ኩባንያም ለየአገሩ የተለየ መሣሪያ ሊሠራ ነው። ጊዜው ደግሞ ጠባብ ነበር። ደንቡን የሚያጸድቀው የዓለም የስልክና ቴሌግራፍ ኮሚቴ፣ ሲሲአይቲቲ፣ ጠቅላላ ጉባኤ የሚቀመጠው በየአራት ዓመቱ ነው። የ1976ቱ ካለፋቸው እስከ 1980 መጠበቅ ነው። ስለዚህ የፈረንሳዩ ረሚ ዴፕሬ፣ የቴሌኔት ሰዎች፣ ካናዳውያንና እንግሊዞች ተሯሩጠው ረቂቁን አዘጋጁ። በ1976 ጸደቀ። ትልልቅ የስልክ መሥሪያ ቤቶች በዚያ ፍጥነት ተስማሙ ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የጥሪ ፓኬት ትልኪያለሽ። ሙሉ አድራሻው ያለው እሱ ላይ ነው። ከሱ ጋር ለጥሪው አጭር ቁጥር ይያዝለታል፤ 12 ቢት ብቻ። ወዲያ ማዶ ያለው ጥሪውን ይቀበላል። ከዚያ በኋላ የምትልኪያቸው ፓኬቶች ያቺን ቁጥር ብቻ ይዘው ይጓዛሉ። በተላኩበት ቅደም ተከተል ይደርሳሉ። አንዱ መንገድ ላይ ቢበላሽ መስመሩ ራሱ እንደገና ያስልከዋል። ቨርቹዋል ሰርኪዩት የሚባለው ይህ ነው። በአንድ ሽቦ ላይ እስከ 4,095 ጥሪ ጎን ለጎን መያዝ ይቻላል።

ቀርፋፋ ነበር ለሚለው፣ በዚያ ዘመን የስልክ ሽቦ ላይ ጫጫታ ነበር። በየመንገዱ ማጣራት ግድ ነበር። ደንበኛው ጫፍ ላይ ያለው ዕቃ ደግሞ ማሰብ የማይችል ተርሚናል ነው፤ መጻፊያና ማሳያ ብቻ። የጎደለ ፓኬት ቆጥሮ «ድገምልኝ» አይልም። ስለዚህ ኔትወርኩ ማሰብ ነበረበት።

ዳታግራም፦ በአክብሮት ልቃወም። ሉዊ ፑዛን በፈረንሳይ ሲክላድን ሠርቶ በ1973 አሳይቷል። እያንዳንዱ ፓኬት ሙሉ አድራሻውን ይዞ በፈለገው መንገድ ይሄዳል፤ ቢጠፋ ቢቀያየር ጫፍ ላይ ያለው ኮምፒውተር ያስተካክላል። ኢንተርኔት የቆመው በዚህ ሐሳብ ነው። የፈረንሳይ መንግሥት ግን የሱን በጀት ቆርጦ ትራንስፓክን መረጠ። ትልቅ ጥፋት ነው።

ጋሽ ሞደም፦ የፑዛን ሐሳብ ታላቅ ሐሳብ ነው። አሜሪካውያኑ ሰርፍና ካን የኢንተርኔቱን ደንብ ቲሲፒን ሲያዘጋጁ ከሱ ቡድን ተምረዋል። በጀቱ መቆረጡ እኔንም ያሳዝነኛል። ግን ትራንስፓክን አትናቅ። በታኅሣሥ 1978 ተከፈተ። ዋጋው በርቀት ሳይሆን በላክኸው ብዛት ነበር። ብሬስት ያለ ሱቅና ፓሪስ ያለ ባንክ እኩል ይከፍላሉ። ሚኒቴል የሚባለው የፈረንሳዮች የቤት ተርሚናል በሚሊዮን ቤት የገባው በዚያ መስመር ላይ ነው።

ዳታግራም፦ በሰኔ 1985 የሚኒቴል ጥሪ በዝቶበት ተዘግቶ የለ እንዴ?

ጋሽ ሞደም፦ ተዘግቷል። ተስተካክሎም እስከ ሰኔ 30፣ 2012 ሠርቷል።

ዳታግራም፦ ጫፍ ላይ ያለው ያስብ ቢባል ኖሮ...

ጋሽ ሞደም፦ ወንድሜ፣ በ1978 ጫፍ ላይ የነበረው የሚያስብ አልነበረም አልኩህ። ይህንን ክርክር ለብቻው ክፈተው፤ መጥቼ እከራከርሃለሁ።

አዲስ ገቢ፦ ስለዚህ ኤክስ.25 ማለት የድሮ ኢንተርኔት ማለት ነው?

ጋሽ ሞደም፦ አይደለም። ከላይ አንብብ።

የሽሮ ሜዳዋ፦ አንዱ አገር ያለው ሰው ሌላ አገር ያለውን ኮምፒውተር እንዴት ያገኘዋል? ያኔ ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይር ዲኤንኤስ የለ፣ ስም የለ።

ጋሽ ሞደም፦ በቁጥር! ሰው ልብ የማይለው ትልቁ ሥራ ይኸ ነው። ኤክስ.121 የሚባል የቁጥር አሰጣጥ በ1978 ጸደቀ። አድራሻው ቢበዛ 14 አኃዝ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አገር ናቸው። አራተኛው እዚያ አገር ውስጥ የትኛው ኔትወርክ እንደሆነ ይናገራል። የእንግሊዙ ፒኤስኤስ 2342፣ ትራንስፓክ 2080፣ የጀርመኑ ዳቴክስ-ፒ 2624፣ ዳታፓክ 3020፣ ቴሌኔት 3110፣ ታይምኔት 3106። እነዚህን ዛሬም እንደ ዘመድ ስልክ በቃሌ እላቸዋለሁ። የመጀመሪያው አኃዝ ክፍለ ዓለም ነው፦ 2 አውሮፓ፣ 3 ሰሜን አሜሪካ፣ 6 አፍሪካ። በአንድ የአገር ቁጥር ሥር ከአሥር በላይ ኔትወርክ አይገባም። አሜሪካ ኩባንያው ስለሚበዛ ከ310 እስከ 316 ድረስ ያዘች።

የኢትዮጵያ ቁጥር 636 ነው። አሁን ስልካችሁን አንሱ። ሲም ካርዳችሁ ውስጥ አይኤምኤስአይ የሚባል መለያ አለ። የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ በ63601 ይጀምራል፤ የሳፋሪኮም ከሆነ በ63602። ያ 636 ከዚያው ከዳታ ኔትወርክ ዘመን የአገሮች አከፋፈል ጋር አንድ ነው። የሞባይሉ ቁጥር ሲወጣ ያንኑ አከፋፈል ተከተለ። እንግሊዝም በሞባይል 234 ናት፤ አሜሪካም 310 አላት። እነዚያ ኔትወርኮች ተዘግተዋል፤ ቁጥራቸው ግን ኪሳችን ውስጥ አለ።

ከቁጥሩ ቀጥሎ ኤክስ.75 አለ። የአንድ አገር ኔትወርክ ከሌላው አገር ኔትወርክ የሚነጋገርበት በር ማለት ነው። ጥሪው ከበር ወደ በር ያልፋል፤ እያንዳንዱ አገር ያሳለፈውን ይቆጥራል፤ በኋላ በስልክ ሒሳብ እንደለመዱት ይተሳሰባሉ። ቁጥር፣ በር፣ ሒሳብ። ዓለም አቀፍ ያደረጋቸው ይህ ነው። ታሪኩን የሚጽፉ ሰዎች ፓኬቱ ላይ ብቻ ይቀሩና እነዚህን ሦስቱን ይዘሏቸዋል። እኔ የምናደደው በዚህ ነው።

ካዛንቺስ 64፦ አየሁት ጋሼ። 63601 ይላል።

ቀይ ሽቦ፦ የኔም። ቆዳዬን ነዘረኝ።

የቦሌው፦ ኢትዮጵያ ውስጥስ መቼ ገባ?

ጋሽ ሞደም፦ ምኑ? አሁንም አላስተካከልክም። ኢንተርኔት ከሆነ ጥር 1997፣ በቴሌ በኩል። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ፓዲስ የሚባለው የመረጃ ክፍል በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፊዶኔትን ይጠቀም ነበር። ኢሜይሉ ይጠራቀምና በዓለም አቀፍ ስልክ ከለንደኑ ግሪንኔት ጋር ይለዋወጣል። ያ በስልክ የሚደወል ነው፤ ኤክስ.25 አይደለም። አታምታቱ።

ቡና ሰዓት፦ ሂሳቡ ውድ ነበር ሲባል እሰማለሁ። ምን ያህል? በምን ይቆጠራል?

ጋሽ ሞደም፦ የሚቆጠረው በሴግመንት ነበር። አንድ ሴግመንት እስከ 64 ባይት ነው። «እስከ» የምትለውን ልብ በል። አንድ ፊደል ብቻ ብትልክም ሙሉ ሴግመንት ይቆጠርብሃል። ወደ ውጭ አገር ከሆነ ለቆይታህም ለብቻው ትከፍላለህ።

አሁን አስበው። አሥር ፊደል ያላት ቃል ትጽፋለህ። ተርሚናልህ እያንዳንዷን ፊደል ለየብቻ ከላከ አሥር ሴግመንት ሄደ። ማዶ ያለው ኮምፒውተር ፊደሏን ስክሪንህ ላይ እንድታያት መልሶ ከላከ ሌላ አሥር። ሃያ። ቃሏን ሰብስበህ አንዴ ብትልካት ግን አንድ ናት። ለዚህ ነው ፓድ የሚባለው መሣሪያ የመጣው። ተርሚናሉና ኔትወርኩ መሃል ይቀመጣል። የጻፍከውን ያጠራቅማል፣ ፊደሉን ራሱ ያሳይሃል፣ የመመለሻ ቁልፉን ስትጫን በአንድ ፓኬት ይሰደዋል። እንዴት እንደሚያጠራቅም የሚወስኑ ቁጥሮች አሉት። ሁለተኛው ቁጥር ፊደል መልሶ ማሳየትን ይመለከታል፣ ሦስተኛው በየትኛው ቁልፍ እንደሚላክ፣ አራተኛው ዝም ካልክ ስንት ጠብቆ እንደሚልክ፤ ያውም በሰከንድ አንድ ሃያኛ እየተቆጠረ። ማዶ ያለው 80 በ24 የሞላ ስክሪን ከላከልህ 1,920 ፊደል ነው፤ ልክ 30 ሴግመንት።

እኛ ቤተ መጻሕፍት አንድ ምሽት አንድ ተመራማሪ አሜሪካ ካለ የመረጃ ቋት ጋር ተገናኝቶ ሳይዘጋ ወደ ቤቱ ሄደ። ጠዋት ስገባ ስክሪኑ ላይ ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች። ሂሳቡ ከወራት በኋላ ሲመጣ አለቃዬ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ዝም ብሎ ቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ስወጣ ተርሚናሎቹን አንድ በአንድ እየዞርኩ አያለሁ። ጡረታ እስክወጣ አልተውኩትም።

የአሌክሳንድሪያዋ፦ የአባቴ ማስታወሻ ደብተር ላይ «ሲኤልአር ኤንሲ»፣ «ሲኤልአር ኤንፒ»፣ «ሲኤልአር ኦሲሲ» የሚል በእስክሪብቶ ተጽፏል። ምስጢራዊ ነገር መስሎኝ ነበር።

ጋሽ ሞደም፦ አባትሽ ፓድ ላይ ተቀምጠው ነበር ማለት ነው! ጥሪው ሲቋረጥ ፓዱ የሚያወጣቸው ቃላት ናቸው። ሲኤልአር ማለት መስመሩ ተለቋል። ኤንሲ ኔትወርኩ ተጨናንቋል፣ ቆይተህ ሞክር። ኤንፒ እንዲህ ያለ ቁጥር የለም፣ ተሳስተህ ጽፈሃል። ኦሲሲ የጠራኸው ተይዟል። ዲኢአር ካየሽ ማዶ ያለው ተበላሽቷል። ኤንኤ ደግሞ መግባት አልተፈቀደልህም። ኤንሲን እንደ ማታ ጸሎት ደጋግመን አይተናታል። ከቃላቱ ጎን የተጻፉ ረጃጅም ቁጥሮች ካሉ የመጀመሪያዎቹን አራት አኃዞች ላኪልኝ፤ የት ይደውሉ እንደነበር እነግርሻለሁ።

የአሌክሳንድሪያዋ፦ አንዱ በ3106 ይጀምራል። ሌላው በ2624።

ጋሽ ሞደም፦ ታይምኔትና ዳቴክስ-ፒ። አሜሪካና ምዕራብ ጀርመን።

ጥላሁን ሰፈር፦ ሃከሮች በዚህ በኩል ይገቡ ነበር ይባላል። የሰው መለያ እንዴት ያገኙ ነበር?

ጋሽ ሞደም፦ እንዴት እንደሚሰረቅ አልነግርህም። የታወቀውን ታሪክ ልንገርህ። በ1986 ካሊፎርኒያ ሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ ክሊፎርድ ስቶል የሚባል የሥነ ፈለክ ተመራማሪ በላቦራቶሪው የኮምፒውተር አጠቃቀም ሒሳብ ላይ የ75 ሳንቲም ጉድለት አየ። ተከታተለው። ሰርጎ ገቡ በታይምኔት በኩል ነበር የሚመጣው። ጥሪው ቨርቹዋል ሰርኪዩት ስለሆነ ኔትወርኮቹ ወደ ኋላ ሊከታተሉት ቻሉ። በዳቴክስ-ፒ በኩል ጀርመን፣ ሃኖቨር ደረሱ። ማርኩስ ሄስ ነበር፤ ያገኘውን ለሶቪየቶች ይሸጥ ነበር። ኤክስ.25ን የሚያማርሩ ሰዎች ይህንንም ያስታውሱ፤ ያስያዘው የጥሪው ዱካ ነው።

አዲስ ገቢ፦ ዛሬም የሚጠቀም አለ?

ጋሽ ሞደም፦ ለሕዝብ የተከፈቱት ትልልቆቹ ተዘግተዋል።

ቡና ሰዓት፦ ኢንተርኔት ለምን አሸነፈ ታዲያ?

ጋሽ ሞደም፦ ለብቻው አንድ ማታ ይፈልጋል። ባጭሩ፣ ጫፍ ላይ ያለው ኮምፒውተር ማሰብ ጀመረ፣ ሽቦውም ጠራ። ዳታግራም ደስ ይበለው።

ዳታግራም፦ ተቀብያለሁ ጋሼ።

የቦሌው፦ መጨረሻ ልጠይቅ፣ አስተካክዬ። አንድ የ1983 የፒኤስኤስ የተጠቃሚ መመሪያ ከአንድ አሮጌ ዕቃ ቤት አግኝቻለሁ። ሽፋኑ ተቀዷል፣ ገጾቹ ግን አሉ። ዋጋ አለው ወይስ ልጣለው?

ጋሽ ሞደም፦ እንዳትጥለው! አደራ። መጀመሪያ የታሪፉን ገጽ ፎቶ አንሳ፤ በየጊዜው ስለሚቀየር ሰው አሮጌውን ቀድሞ የሚጥለው እሱን ነው። ቀጥሎ ከእንግሊዝ የሚደረስባቸውን አገሮች ዝርዝር ከነቁጥራቸው አንሳ። ዳር ላይ በእጅ የተጻፈ ነገር ካለ አታጥፋው፣ እሱንም አንሳው። ከዚያ እዚህ ለጥፍልን። በ6 የሚጀምሩት ስንት እንደሆኑ በመጀመሪያ ማየት የምፈልገው እኔ ነኝ።